ፍሬን ስይዝ ፍሬቻው አብሮ ይበራል፤ ምን ልፈትሽ?

ሰላም ለሁላችሁ። ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለች ፒክአፕ አለችኝ። ሞተሯ አሁንም ጤነኛ ነው፤ ያስቸገረችኝ በኤሌክትሪክ ነው።

ማታ መብራት አብርቼ ፍሬን ስይዝ የግራ የኋላ ፍሬቻ ደብዘዝ ብሎ አብሮ ይበራል። የፍሬን መብራቱ ደግሞ ይደክማል። ፍሬቻ ሳሳይ የነዳጅ ጌጁ ከፍሬቻው ጋር እኩል ይጨፍራል። መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር። አሁን አያስቅም።

ባትሪው ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ሞተር ተነስቶ 14.2 ያሳያል። ስለዚህ ዲናሞውን አልጠረጠርኩም። ፊውዞቹ ደህና ናቸው። አምፖል ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኋላ መብራቱ የማሳ ሽቦ (ኤሌክትሪኩን በመኪናዋ ብረት አካል፣ በቻሲው፣ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው) ላይ አድርጌ ልጄን ፍሬን አስያዝኩት። 2.3 ቮልት! ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። ሽቦው ቻሲው ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈትቼ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈገፈግኩት። ወደ 1.6 ወረደና እዚያው ቀረ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ከባትሪ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ቻሲ የሚሄዱትን የማሳ ገመዶች አንድ በአንድ ልፈትሽ? ወይስ ከባትሪው እስከ ኋላ አዲስ ሽቦ ልዘርጋ? አንድ ባለሙያ «ሙሉ ሽቦው ይቀየር» ብሎኛል። ለአንድ የዛገ ብሎን መኪናዋን ሙሉ መበርበር ግን አልዋጠልኝም። የገጠማችሁ ካላችሁ ከየት ጀመራችሁ?