ከፍራንክፈርት የተሰረዘ በረራ፦ «የሚመለሰው ታክሱ ብቻ ነው» ይሉኛል

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ሰዎች። እናቴ እህቴን ልትጠይቅ ጀርመን ሄዳ ነበር። ደርሶ መልስ ቲኬቷን እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ካለ ወኪል በብር ነው የቆረጥኩላት። መመለሻዋ ዋዜማ ላይ ከፍራንክፈርት የሚነሳው በረራ ተሰረዘ የሚል ኢሜይል መጣ። ሌላ በረራ አልሰጧትም፤ ቫውቸር ውሰዱ ብቻ። እህቴ በሌላ አየር መንገድ ቆርጣ ላከቻት። አሁን ገንዘባችንን ስጠይቅ ወኪሉ «ቲኬቱ የማይመለስ ነው፣ ታክሱን ብቻ ነው የምታገኘው» ይለኛል። ከታክሱም ትልቁ፣ ዋይ ኪው የሚለው፣ አይመለስም አለ። አቦ ምንድን ነው ነገሩ? ታክሱ ከተመለሰ እሱስ ለምን ይቀራል?

ባለቲኬቷ፦
ዕድሜዬን ቲኬት ስቆርጥ ነው የጨረስኩት፣ ግልጹን ልንገርህ። ደረሰኙን አውጣና እየው። ከላይ መነሻ ዋጋው አለ። ከሥሩ በሁለት በሁለት የላቲን ፊደል የተጻፉ ክፍያዎች ተደርድረዋል። አብዛኞቹ እውነተኛ ክፍያ ናቸው፤ የኤርፖርት መገልገያ አለ፣ የፍተሻ አለ፣ ጀርመን ደግሞ በሚነሳ መንገደኛ ላይ የራሷ ግብር አላት። አየር መንገዱ እነዚህን የሚሰበስበው ለሌላ ነው። ሰውየው ካልበረረ የሚከፍልበት የለም። ለዚህ ነው በርካሽ የተቆረጠ ቲኬት እንኳ ሲቀር ታክሱ የሚመለሰው።

ዋይ ኪው ግን ታክሱ ሰፈር ይቀመጥ እንጂ ታክስ አይደለም። የአየር መንገዱ የራሱ ጭማሪ ነው። የነዳጅ ይሉታል፣ ነዳጅ ሲረክስ ግን ሲቀነስ ብዙም አላየሁም። እና ዕጣው ከመነሻ ዋጋው ጋር ነው፤ ዋጋው የማይመለስ ከሆነ እሱም አብሮ ይቀራል።

ወኪልህ ያለው ሕግ አለ፣ ግን ተሳፋሪው በራሱ ፈቃድ ሲቀር ነው የሚሠራው። እናትህ መቼ ቀረች? አስቀሯት እንጂ! በረራውን የሰረዘው አየር መንገዱ ከሆነ ያልተበረረው መንገድ ዋጋው፣ ዋይ ኪውም፣ ታክሱም ይመለሳል። በዚያ ላይ የተነሳችው ከአውሮፓ ኅብረት አገር ነው። የኅብረቱ የተሳፋሪዎች መብት ደንብ፣ ቁጥር 261/2004፣ የየትም አገር አየር መንገድ ይሁን ይይዘዋል። ገንዘቡ በ7 ቀን መመለስ አለበት፤ ቫውቸር የሚሆነው ተሳፋሪው ፈርሞ ከተስማማ ብቻ ነው።

ብቻ አደራ፣ ስልኩ ላይ «ሰርዝ» የሚለውን አንዳችሁም እንዳትነኩ። ከነካችሁ «ራሳችሁ ተዋችሁት» ይሏችኋል፣ ከዚያ ወዲያ ክርክር ነው። ያንን ኢሜይል አትመህ ወኪሉ ጋ ሂድ። «የተሰረዘው በአየር መንገዱ ነው ብለህ ላክልኝ» በለው። በብር ስለከፈልክ ገንዘቡ በወኪሉ በኩል በብር ነው የሚመጣው። የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ላይመልስ ይችላል፣ እሱን እናንተው ተነጋገሩ።

ጀጎል፦
600 ዩሮዋን ረሳችኋት እኮ! ዋዜማው ላይ ነው የተነገራት። የአጎቴ ልጅ ከብራስልስ ሲመጣ ወስዷል።

ባለቲኬቷ፦
ልክ ነህ፣ እሷ ለብቻዋ ናት። ስረዛው ከጉዞው 14 ቀን ሳይቀድም ከተነገረና መንገዱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር ከበለጠ፣ ካሳው 600 ዩሮ ነው። አውሎ ነፋስ ወይም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ ከሆነ ግን ካሳው ይቀራል። የቲኬቱ ገንዘብ ግን በዚያም ጊዜ አይቀርም። ካሳውን ወኪሉ አያገባውም፤ እናትህ በስሟ በረራውን ከሚያበረው አየር መንገድ ነው የምትጠይቀው። ሌላ በረራ የመምረጥ ዕድል ስላልሰጧት፣ እህትህ በቆረጠችው ላይ የጨመረችውን ልዩነትም ጠይቁ። ደረሰኙ አለ አይደል?

የሳቢያን ልጅ፦
አለ፣ ከነመሳፈሪያ ወረቀቷ። እግዜር ይስጥሽ እትዬ። መሄጃው ላይ፣ ከአዲስ አበባ ሲነሱ ቢሰረዝስ ኖሮ?

ባለቲኬቷ፦
ያኔ አየር መንገዱ የማን ነው ይባላል። የኅብረቱ ከሆነ ደንቡ ወደዚያ ሲሄድም ይይዘዋል። ካልሆነ አይመለከተውም፤ የቲኬቱን ውል ነው የምታነበው። የካሳው ጥያቄ በጀርመን ሕግ 3 ዓመት ይቆያል፣ የሚቆጠረውም በረራው ከነበረበት ዓመት ማለቂያ ነው። ወኪሉ ግን ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ካለህ በቃል አትመለስ፤ ያቀረበውን ጥያቄ ቁጥር በጽሑፍ ተቀበለው።