ስልክ ቁጥር ቀይር ያልኩት ኤጀንት የሰውዬውን የሥራ ልምድ አጠፋው፤ የቱል ማብራሪያ ላይ ምን ልጻፍ?

ማታ_ኮደር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራ ፈላጊዎች በቴሌግራም እየጻፉ ሲቪያቸውን የሚያስተካክሉበት ትንሽ ቦት ሠርቻለሁ። ከኋላው ያለው ኤጀንት (በቋንቋ ሞዴል የሚሠራ ረዳት) አራት ቱሎች (ሥራ ለመሥራት የሚጠራቸው የኮድ ተግባራት) አሉት፦ ሲቪ ፈልግ፣ አንብብ፣ አድስ፣ ሰርዝ። የማደሻው ማብራሪያ ሁለት ቃል ናት፤ «ሲቪ ያድሳል»። ለእኔ ግልጽ ነበረች፣ ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኛ!

ማክሰኞ ማታ አንድ ልጅ «ስልኬ ተቀይሯል፣ አስተካክልልኝ» አለው። ኤጀንቱ ስሙንና አዲሱን ቁጥር ብቻ ይዞ «አድስ»ን ጠራ። የእኔ ኮድ ደግሞ የመጣለትን ተቀብሎ አሮጌውን ፋይል እንዳለ ይተካል። ትምህርት፣ የሥራ ልምድ፣ ቋንቋ፣ ሁሉም ሙልጭ። ኤጀንቱ «ተስተካክሏል፣ መልካም ዕድል!» ብሎ ሸኘው። ልጁ በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ሲያስወጣ ስምና ስልክ ብቻ ያለበት ነጭ ወረቀት! ባክአፕ ስለነበረኝ መለስኩለት፤ እፍረቱ ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

ማብራሪያውን ላርዝም ስል ደግሞ ገጽ ሙሉ ሆነብኝ። ምኑ ይጻፍ፣ ምኑ ይቅር?

ባክኤንድ_ፒያሳ፦
አይዞህ ወንድሜ። ሞዴሉ እኮ ኮድህን አያየውም። የሚደርሰው የቱሉ ስም፣ ማብራሪያውና የፓራሜትሮቹ ስኬማ (ምን መረጃ በምን ቅርጽ እንደሚላክ የሚገልጸው) ነው፤ በኤምሲፒ (ሞዴልን ከቱሎች ጋር በሚያገናኘው የጋራ ደንብ) ብታገናኘውም ያው ነው። «ያድሳል» ሲባል የላከው ብቻ የሚቀየር መስሎት ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምረዳው። እኔ ብጽፈው፦

«በመለያ ቁጥር የተጠቀሰውን ሲቪ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይተካል። ያልተላከ ክፍል ይጠፋል። አንድ ነገር ብቻ ለመለወጥ ይህን አትጥራ፣ ‹ክፍል ቀይር›ን ጥራ። መለያ ቁጥሩን ከ‹ሲቪ ፈልግ› ውሰድ፣ ከስም አትገምት።»

«ክፍል ቀይር» የለህም መሰለኝ፤ እሱን መጀመሪያ ሥራው። ስሙንም ከ«አድስ» ወደ «ሙሉ ሲቪ ተካ» ለውጠው። ዳታቤዙ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ያ ሁሉ ይቅር።

እማማ_ሰርቨር፦
ልጄ፣ ከላይ ያለው ምክር ጥሩ ነው፤ ግን ማብራሪያ ምክር እንጂ አጥር አይደለም። ኤምሲፒ ላይ «ይህ ቱል አጥፊ ነው» የሚል ምልክት አለ፤ እሱም ቢሆን ጥቆማ ብቻ ነው፣ ማንንም አያስቆምም። ማስቆም ያለበት ኮድህ ነው። ስህተት ሲኖር የሚመልሰው መልእክትም እንደ ማብራሪያው ተጠንቅቆ ይጻፍ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «የተቀመጠው ሲቪ 3 የሥራ ልምድ አለው፣ የላክኸው 0 ነው። ልታጠፋቸው ከሆነ ባለቤቱን ጠይቀህ ‹ይጥፋ›ን እውነት አድርገህ ላክ።» ኤጀንቱ ይህን ሲያነብ ብዙ ጊዜ ራሱ ይታረማል። «ስህተት 400» ብለህ ብትመልስለት ግን ያንኑ እየደጋገመ ይልክልሃል።

ቀጣሪ_ነኝ፦
ኮድ አላውቅም፤ በቀን ብዙ ሲቪ አነባለሁ። እባካችሁ ዓመቱን አስቡበት! ሐምሌ 2011 የተመረቀ ልጅ በፈረንጆቹ 2019 ነው የተመረቀው። አንድ ሲስተም እንዳለ 2011 ብሎ አስገብቶት 8 ዓመት ልምድ ጨመረለት። ቃለ መጠይቅ ላይ ልጁ ውሸታም መሰለ። ሌላው ስም ነው። «የመጨረሻ ስም» ስትሉት የአያቱን ይወስድና የአባቱን ይጥለዋል።

ባክኤንድ_ፒያሳ፦
ይሄ ወርቅ ነው። ማብራሪያ ለቱሉ ብቻ ሳይሆን ለየፊልዱም (ለእያንዳንዱ የመረጃ ቦታ) ይጻፍ። «የራስ ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» ለየብቻ። ከዓመቱ ጎን «አቆጣጠር» የሚል ግዴታ ፊልድ አስገባና ምርጫው ሁለት ብቻ ይሁን፦ ኢትዮጵያ ወይም ጎርጎርዮስ። ማብራሪያው ላይ «ተጠቃሚው ካልነገረህ ጠይቅ» በል። ልወጣውን ለሞዴሉ አትተውለት፣ ኮዱ ይሥራው፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው።

ማታ_ኮደር፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ ደግሞ ዕድሜ ይስጥዎት። ሌሊቱን ቀየርኩት። ያቺኑ «ስልኬ ተቀይሯል»ን አሥር ጊዜ ላክሁለት፣ አሥሩንም «ክፍል ቀይር»ን ነው የጠራው። ዓመቱንም መጠየቅ ጀምሯል። ዛሬ ጠዋት አንዷን «2011 በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ቢላት «በኛ ነዋ!» አለችው። እሱ ደግሞ «‹እኛ› ማን ነን?» ብሎ መለሰላት። አሁን «በኛ» ማለት ኢትዮጵያ ነው የሚል ልጨምርበት ተቀምጫለሁ።