ሐዋሳ፦ የሕጻናት ማቆያ ቅጽ እየተሞላ ለውጥ የጠፋው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ለሠራተኛ እናቶች የተከፈተ ማቆያ ነው፤ 18 ሕጻናት፣ 4 ሞግዚቶች። በየወሩ ቅጽ እንሞላለን፤ ተቅማጥና መነካከስ ግን አልቀነሰም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወር ጠብቆ የሚሞላ ቅጽ በግምት ነው የሚሞላው። ደብተር በር ላይ ይንጠልጠል፤ ልጅ ሲነከስ ሰዓቱ፣ ቦታውና በክፍሉ የነበሩት ሞግዚቶች ቁጥር ወዲያው ይጻፍ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መነካከስ የሚበዛበት ሰዓት ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ምሳ ሊደርስ ሲል፣ አንዷ ምግብ ልታሞቅ ስትወጣ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሦስት ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

መልስ፦ ስለ ተቅማጡ፦ ዳይፐር የምትቀይረዋ ምግብ አትንካ። መቀየሪያው መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ ቀጥሎ 5 በመቶ በረኪና፣ 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይቀባና 10 ደቂቃ ይቆይ። ቆሻሻው ላይ በረኪና ማፍሰስ ብክነት ነው፤ ክሎሪኑን ቆሻሻው ይጨርሰዋል። ብጥብጡ በየቀኑ አዲስ ይሁን። የእጅ ሳኒታይዘር ሳሙናን አይተካም!

መልስ፦ ሞግዚቶቹ ሲዳምኛ ይችላሉ? ቤቱ ሲዳምኛ የሚሰማ ልጅ በአማርኛ ብቻ ሲታዘዝ ግራ ይገባዋል፤ መናገር ያቃተው ደግሞ በጥርሱ ይናገራል። «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «ተወኝ» የሚሉትን ቃላት ከወላጆች ተማሩ።