የኪቦርዴ ድምፅ ዘግይቶ ይመጣል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ጅማ ነው። በአካባቢዬ የፒያኖ አስተማሪ ስላላገኘሁ ባለ 61 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ (ድምፁ ከኮምፒውተር የሚወጣ) ከላፕቶፔ ጋር በዩኤስቢ አገናኝቼ በሶፍትዌር እየተማርኩ ነው።

ችግሩ፣ ቁልፉን ስነካ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። በቀኝ እጄ ብቻ ስጫወት እንደምንም እችለዋለሁ። ግራው ሲጨመር ግን ምቱ ይጠፋብኛል። የአሲዮ ድራይቨር (የድምፅ መዘግየትን የሚቀንስ ፕሮግራም) ጭኜ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) ወደ 128 ሳወርደው መዘግየቱ ቀነሰ፤ ድምፁ ግን ይቆራረጣል። ወደ 512 ስመልሰው እንደገና ይዘገያል። ራሙ 4 ጊጋ ነው፤ ከሱ ይሆን እንዴ?

ሌላው፣ ትምህርቱ በሙሉ ሜጀርና ማይነር (የፈረንጆቹ ቅኝቶች) ነው። የኔ ልብ ያለው ትዝታ ቅኝት ላይ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብዬ በቀኝ እጄ እጫወተዋለሁ። ግራ እጄ ምን ይያዝ? የምታውቁ በናታችሁ ንገሩኝ።