ከፍ የተደረገ ላንድክሩዘር ወደ ግራ ያጋድላል፣ ኩርባ ላይም ይወዛወዛል፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር

ሰላም ወንድሞች። መኪናው ላንድክሩዘር ኤችዜድጄ 78 ነው፤ ፊቱ ሞላ (ጥምዝ ስፕሪንግ)፣ ኋላው ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች)። ክረምት ላይ ፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈሩ ውስጥ ሆዱ እየነካ ስላስቸገረ ከፍ ተደርጓል። ፊት 5 ሴንቲሜትር የሚያነሳ ሞላ ገባ፣ ኋላ በየጎኑ አንድ አንድ የባሌስትራ ቅጠል ተጨመረ። ጎማው ከ7.50 አር 16 ወደ 285/75 አር 16 ተቀየረ። ፖርቶመጋላው (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ ሁለት ተቀያሪ ጎማና አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ ይጫናል። የፊቱ ስታቢላይዘር (ኩርባ ላይ መጋደልን የሚቀንሰው ዘንግ) አዲሱ ሞላ ሲገባ አልደርስ ስላለ ተፈትቶ ቀረ።

ባዶውን ቆሞ እንኳ ወደ ግራ ማጋደሉ በዓይን ይታያል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ዓለም ሳጋ አካባቢ ያሉት ኩርባዎች ላይ በ50 እየተነዳ የሚገለበጥ ይመስላል። ቀጥ ባለ አስፋልት ደግሞ መሪው ይዋልላል፤ ከኩርባ ሲወጣም በራሱ አይመለስም። ጠንካራ ሾክ አብዞርበር ልግዛ ወይስ ሌላ ቅጠል ላስጨምር?

መልስ፦ ሞላና ባሌስትራ

ወንድሜ፣ ገና ምንም አትግዛ። የነገርከን ሦስት የተለያየ በሽታ ነው፤ በአንድ ዕቃ አይድንም። ማጋደሉን በመለካት ጀምር።

ደልዳላ ሲሚንቶ ወለል ፈልግ። የአራቱንም ጎማ ንፋስ አስተካክል፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። መኪናውን አምስት ስድስት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሰህ ፍሬን ሳትረግጥ አቁመው፤ ክሪክ ላይ የቆየ መኪና ወዲያው ከተለካ ውሸት ይናገራል። ከዚያ ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ አራቱንም ጥግ በሜትር ለካና ጻፍ። ከመሬት አትለካ፤ የጎማው ልዩነት ይገባበታል። በነገራችን ላይ ያ ትልቅ ጎማ መኪናውን ያነሳው 1.5 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ማጋደሉ ከፊት ይሁን ከኋላ ለይ። የፊት ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል በድንጋይ ያዝ። ክሪኩን የኋላው የሻንሲ ተሻጋሪ ብረት ልክ መሐሉ ላይ አድርግና የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት 2 ሴንቲሜትር እስኪለቁ አንሳ። ለጥንቃቄ ግራና ቀኝ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) አስቀምጥ፤ ግን ሻንሲውን አይንካ፣ ሦስት አራት ሴንቲሜትር ክፍተት ይኑረው። አንተም ከሥር አትግባ። አሁን ኋላው በአንድ ነጥብ ላይ ስለቆመ ግራ ቀኙን የሚወስነው የፊቱ ሞላ ብቻ ነው። ፊቱን እንደገና ለካ። እኩል ከሆነ ጥፋቱ ኋላ ነው፤ ልዩነቱ እንዳለ ከቀረ ፊት ነው።

ጥፋቱ ፊት ሆኖ ከተገኘ የሞላዎቹን ቁጥር እይ። አንዳንድ አምራቾች የግራና የቀኝ ሞላ ለይተው ነው የሚሰሩት፤ ተቀያይሮ ከገባ መኪናው ያዘነብላል። ኋላ ከሆነ ደግሞ የቅጠሎቹን ብዛትና ውፍረት ቁጠርና ለካ።

መልስ፦ ከወረታ

ኋላውን አንድ ቅጠል ቢጨምርበትስ? ጭነት የሚበዛበት መኪና ስለሆነ ይጠነክርለታል፣ መወዛወዙም ይቀንሳል።

መልስ፦ ዓባይ ማዶ

ከወረታ የጻፍከው ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ኋላው ሲጠነክር ፊቱ ስታቢላይዘር የለውም፤ ኩርባ ላይ የማጋደሉ ጫና አብዛኛው ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል። ኮረት ወይም እርጥብ አስፋልት ላይ ቂጡ ቀድሞ ይንሸራተታል። ይህን ከመወዛወዙ የባሰ እፈራዋለሁ።

የመወዛወዙ ትልቁ ምክንያት ጣሪያው ላይ ነው። 20 ሊትር ናፍጣ 17 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከነጀሪካኑ 20 ይሞላል። አራቱ 80 ኪሎ ሆኑ። የዚህ ልክ ጎማ ከብረት ቸርኬው ጋር 40 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ሁለቱ 80። ፖርቶመጋላውን ሳንቆጥር 160 ኪሎ ከሁለት ሜትር በላይ ተሰቅሏል ማለት ነው። ይህ መኪና ሁለት ታንከር ካለው፣ እያንዳንዱ 90 ሊትር ይይዛል፤ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ደርሶ ለመመለስ ጣሪያ ላይ ናፍጣ አያስፈልግም። ጀሪካኖቹን አውርድ። አንዱን ጎማ የኋላ በር ላይ፣ ሌላውን ወለል ላይ እሰር።

ከዚያ ስታቢላይዘሩን መልስ። አልደርስ ያለው መኪናው ከፍ ስላለ እንጂ ስለማያስፈልግ አይደለም። ረዘም ያለ ማያያዣ ዘንግ አስገባ፣ ወይም ሻንሲው ላይ የሚታሰርበትን ቦታ በብረት ስፔሰር ዝቅ አድርግ። መኪናው በጎማው ሲቆም የስታቢላይዘሩ ክንድ ወደ አግድም መጠጋት አለበት። ሁለቱ ማያያዣዎች እኩል ርዝመት ይኑራቸው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንደኛውን ጎን ካሰርክ በኋላ የሌላው ቡሎን በእጅ ብቻ መግባት አለበት። በመዶሻ ወይም በፌሮ ካስገባኸው ስታቢላይዘሩ ራሱ መኪናውን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ጎሚኒዎቹንም (የላስቲክ ቡሾቹን) ቀይር፤ የፎገራ ጭቃ ደርቆ እንደ ሞረድ ይበላቸዋል።

ሾክ አብዞርበር ማጋደሉን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ረጅም ኩርባ ላይ መኪናው ዞሮ ዞሮ ያው ልክ ድረስ ይጋደላል። ዘይት ካላፈሰሰና መኪናው ተጭኖ ሲለቀቅ አንዴ ተነስቶ ከቆመ ለጊዜው ይቆይ። ግን 5 ሴንቲሜትር ከፍ ስላለ አክስሉ ሲንጠለጠል ርዝመቱ መድረሱን አረጋግጥ።

መልስ፦ መሪና ፍሬን

የመሪው ጉዳይ አልተነካም፤ እኔ ልሙላ። ፊቱ ሲነሳ አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ረጃጅም ክንዶች አክስሉን ስለሚያዞሩት ካስተር (መሪው በራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው የጎማው መዞሪያ ዘንግ ወደኋላ ማዘንበል) ይቀንሳል። 5 ሴንቲሜትር ማንሳት ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ይወስዳል። መሪ በራሱ የማይመለሰውም የሚዋልለውም ለዚህ ነው። መፍትሔው መሐሉ የተዛነፈ የካስተር ማስተካከያ ቡሽ ነው፤ በፕሬስ ይገባል። በተገላቢጦሽ ከገባ ያባብሰዋልና አቅጣጫውን ከመጫንህ በፊት በኖራ ምልክት አድርግበት። የመጨረሻውን የጎማ አላይመንት ከሁሉም ሥራ በኋላ አሠራ፤ ካስተሩ ግራና ቀኝ ስንት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፍልህ።

ፓንሃርድ ሮዱም (አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ዘንግ) ስለተዳፋ አክስሉን ሻንሲው ላይ ወደታሰረበት ጎን ይስባል። በዚህ ከፍታ ግን ከ1 ሴንቲሜትር አያልፍም፤ የሚስተካከል ሮድ ካገኘህ ጥሩ፣ ካላገኘህ አያስጨንቅህ። የጎሚኒው ልቅነት ግን ያስጨንቅ፦ ሞተሩ በርቶ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ሲያወዛውዝ ጫፎቹን እይ፤ ቡሎኑ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ቀይረው።

አሁን ሁሉም የሚረሳው፦ ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲው ዘንግ የሚዘረጋ፣ የኋላ ፍሬንን እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አለ። ኋላው ሲነሳ ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያስብና የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል። ጭነህ ቁልቁለት ስትወርድ ፊቱ ብቻ ይይዝልሃል። አክስሉ ላይ ያለውን የዘንጉን መታሰሪያ ኋላው በተነሳው ልክ አንሳው። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹም አክስሉ ሲንጠለጠል እንዳይወጠሩ እይ።

ጠያቂው፦

እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁ። ፊት ግራ 52.0፣ ቀኝ 54.5 ሴንቲሜትር። ኋላ ግራ 58.0፣ ቀኝ 60.5። ኋላውን በመሐል ካነሳሁ በኋላ ፊቱ 53.2 እና 53.5 ሆነ። የተጨመሩትን ቅጠሎች በካሊፐር ለካኋቸው፤ የቀኙ 10 ሚሊሜትር፣ የግራው 8 ሚሊሜትር ነው። መታጠፋቸውም እኩል አይመስልም።

መልስ፦ ሞላና ባሌስትራ

ተገኘ። የፊቱ ሞላ ጤነኛ ነው፤ አትንካው። የቅጠል ጥንካሬ በውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ስለሚያድግ የ10 ሚሊሜትሩ የ8ቱን እጥፍ ያህል ይጠነክራል። 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ይሳሳታል። ቀኙ ኋላውን ሲያነሳ ፊቱንም አብሮ አጣመመው።

ሁለቱንም አውጣና ውፍረታቸው፣ ርዝመታቸውና መታጠፋቸው አንድ የሆነ ጥንድ አስገባ። ጣሪያውን የምታቀል ከሆነ የ8 ሚሊሜትር ጥንድ ይበቃሃል። ከማስገባትህ በፊት ሁለቱን ወለል ላይ ጀርባ ለጀርባ አቁማቸውና ጫፎቹ ላይ ያለውን ክፍተት አነጻጽር። መሐሉን የሚይዘውን ፔርኖ አዲስ አድርግ። ስታፋዎቹም (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች) አዲስ ይሁኑ፤ አንዴ የተወጠረ ስታፋ ዳግመኛ በደንብ አይዝም። አራቱን ዳዶ በሰያፍ እያፈራረቅህ አጥብቅ፣ ከ500 ኪሎሜትር በኋላም እንደገና።

የባሌስትራውን ዐይን ቡሎኖች ግን መጨረሻ ላይ፣ መኪናው በጎማው ቆሞ አጥብቃቸው። ጎማው ተንጠልጥሎ ካጠበቅካቸው ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ከፍታው ይዛባል፣ ጎሚኒውም ቶሎ ይቀደዳል። ሠርተህ ስትጨርስ ጥቂት ኪሎሜትር ነድተህ እዚያው ወለል ላይ ለካ። ልዩነቱ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ተወው። ወደ ስታቢላይዘሩ እለፍ።