ባንክራፕሲ ሳስገባ ያልጻፍኩት የመኪና አደጋ

የአትላንታው፦
ሰላም ወገኖቼ፣ የምታውቁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። አምና የክሬዲት ካርድ ዕዳ ሲያንቀኝ ቻፕተር 7 የሚሉትን ባንክራፕሲ፣ ማለትም ዕዳ የሚያሰርዝ የኪሳራ ማመልከቻ፣ ፍርድ ቤት አስገባሁ። ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ ከኋላ ተገጭቼ ነበር። ወገቤ ዛሬም ጎንበስ ስል ይይዘኛል። ፎርሙ «ከሰው የምትጠይቀው ካሳ አለ?» ሲል «የለም» አልኩ። ገና አልከሰስኩም ነበራ! ዕዳው ተሰረዘልኝ። አሁን የገጨኝን ስከስ ጠበቃው ያንን ወረቀት አወጣ። «ያኔ የለኝም ብሏል፣ ክሱ ይዘጋ» አለ። ይችላል?

ፓራሊጋሏ፦
መጠየቅ ይችላል ወንድሜ። ጁዲሺያል ኢስቶፔል ይባላል። አንዱን ዳኛ አሳምነህ ከተጠቀምክ በኋላ ሌላው ጋ ተቃራኒውን አትልም ነው ነገሩ። ክፍለ ግዛትም አላመለጠችም። ኒው ሃምፕሻየር በ1977 እ.ኤ.አ. ከሜይን ጋር ስትስማማ ድንበሩ የመርከብ መሄጃው መሀል ነው ብላ ፍርድ ቤት አጸደቀላት። ኋላ ወደብ ያለበትን ወንዝ እስከ ሜይን ዳርቻ የኔ ነው ብላ ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 ክሷን ውድቅ አደረገባት። አንተን የሚያስፈራው ዕዳህ መሰረዙ ነው፤ ዳኛው ቃልህን ተቀብሏል። ግን አልጻፈም ማለት ሊያታልል አስቦ ነው ማለት አይደለም። ጆርጂያን የሚያየው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 ዳኛው ሁሉንም ሁኔታ ይመልከት ብሏል። ዛሬውኑ ባንክራፕሲውን ላስገባልህ ጠበቃ ደውል። ፋይሉ ተከፍቶ ይታረም።

የዳላሷ፦
እግዜር ይማርህ ወንድሜ። እኔም ደነገጥኩ። ያው ፎርም በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው ከ600 ዶላር በላይ ስጦታ ሰጥተሻል ወይ ይላል። ለእማዬ በየወሩ 150 እልካለሁ፣ የግፊት መድኃኒቷን ነው። ይሄ ስጦታ ነው? ባዶ ተውኩት።

የሲያትሉ፦
እህቴ፣ ይጻፋል። ዕቁብም ይጻፋል። ዕጣ ሳይደርስሽ የከፈልሽው ገንዘብሽ ነው።

የዳላሷ፦
ዕቁብ አደራ ነው! የሃያ ሰው ጉዳይ እንዴት ፍርድ ቤት ይገባል?

የሲያትሉ፦
የራስሽን ድርሻ ነው ያልኩት። «የለኝም» ብለሽ ምለሽ፣ ዕጣው ሲወጣልሽ ምን ልትዪ ነው?

የአትላንታው፦
ደወልኩ፣ ፋይሉን እናስከፍታለን አለኝ። ግን ካሳውን ትረስቲው፣ ለአበዳሪዎቼ ንብረቴን የሚሰበስበው ሰው፣ ሊወስደው ይችላል አለ። ለወገቤ ሕክምና የሚተርፈኝ ይኖር ይሆን?

የዳላሷ፦
እኔ የዕቁቡን ዳኛ ሳላማክር አንድም ነገር አልጽፍም።