ፋብሪካው የቆመበት ሰፈር፦ የካርኪቭ ዓመታት

ሰላም ወገኖች። ሰሞኑን አዲስ የመጡ ልጆች «ከከተማ ወጣ ያለ የፋብሪካ ሰፈር ቤት ረከስ ይላል፤ ግን ሰፈሩ ክፉ ነው ይባላል፤ እንግባ ወይስ ይቅርብን?» እያሉ ይጠይቃሉ። እኔ እንዲህ ያለ ሰፈር በክፉው ዘመን ኖሬበታለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ቀኖቹም ወሮቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላክነው ውስጥ እኔ የደረሰኝ ዩክሬን፣ ካርኪቭ ነበር። በግንቦት 1991 ደርግ ወደቀ። ዓመቱ ሳያልቅ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። የላከንም የተቀበለንም መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ ጠፋ። የተማሪ አበላችን ዳቦ እንኳ በቅጡ የማይገዛ ሆነ። ከጓደኞቼ ጋር ከተማሪዎች ማደሪያ ወጥተን በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳር፣ የትራክተር ፋብሪካው ሰፈር ቤት ተከራየን። ሰዉ ሰፈሩን ኻቴዜ ይለዋል።

ፋብሪካው ትራክተር ማውጣት የጀመረው በ1931 ነው። አጠገቡ ለሠራተኛው ሙሉ ከተማ ተሠራለት። በዚያ ሥርዓት ፋብሪካ ማለት ደመወዝ ብቻ አልነበረም። መኖሪያ ቤቱ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ክሊኒኩ፣ የልጆች የክረምት ካምፕ ሁሉ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። አገሪቱ ስትበታተን ግማሹ ዕቃ አቅራቢና ግማሹ ገዢ ድንበር ማዶ ቀረ። ትራክተር የሚገዙት የጋራ እርሻዎችም ኪሳቸው ባዶ ሆነ። በከተማው ፋብሪካዎች ደመወዝ ለወራት መዘግየቱ የተለመደ ነገር ሆነ። አንዳንዱ በዕቃ ይከፈለው ነበር።

ገንዘቡስ? በ1992 መጀመሪያ መንግሥት የዋጋ ቁጥጥሩን ለቀቀ፣ ኩፖን የሚባል ጊዜያዊ ገንዘብ መጣ። በ1993 ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ 100 እጥፍ ያህል ናረ። በመስከረም 1996 አዲሱ የዩክሬን ገንዘብ ሂሪቭና ሲመጣ 100,000ው ኩፖን በ1 ሂሪቭና ተመነዘረ። ከበላያችን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እማማ እንላቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ለቀብራቸው ያጠራቀሙት ገንዘብ ባንክ እንደተቀመጠ ከንቱ ሆነ። እድር በሌለበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው በዚህ ብቻ ነው።

ሰዉ የተረፈው በድንች ነው። ዳቻ የሚሏት ትንሽ መሬት ያለው ቅዳሜና እሑድ እዚያው ይውላል። ሁለት ጎማ ያላት የእጅ ጋሪ ከማንም እጅ አትጠፋም ነበር፤ በፕሬዚዳንት ክራቭቹክ ስም ክራቭቹችካ ይሏታል። ታንክ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ባራባሾቭ ገበያ ቆሞ ካልሲ ይሸጣል። እኛም እዚያው ገበያ ከቬትናሞችና ከናይጄሪያዎች አጠገብ ጃኬት ሸጠናል። ያ ግዙፍ ገበያ በመጋቢት 2022 በጦርነቱ ተቃጠለ። ዜናውን ሳይ ውስጤ ተላወሰ።

ክፋቱን አልደብቅም። ማታ መብራት በተራ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሽቦና የመንገድ ላይ ጉድጓድ የብረት ክዳን እየተሰረቀ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሸጣል። ደረጃው ላይ የዕፅ መርፌ ተጥሎ ታገኛለህ። ሥራ የሌላቸው ጎረምሶች በር ላይ ይጠጣሉ፤ ጥቁር ሰው ሲያዩ ያ ሁሉ ንዴት መውጫ ያገኛል። ጓደኛዬን ደብድበው ጥርሱን አውልቀውታል። በመጨረሻው ሜትሮ ብቻችንን አንመለስም ነበር። ከኮሌጅም ከገበያም ተጠባብቀን ነው የምንገባው።

ግን ያተረፉንም የዚያው ሰፈር ሰዎች ናቸው። በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚውሉት እናቶች ማን ገባ ማን ወጣ ያውቃሉ። መጀመሪያ ሰላምታችንን አይመልሱም ነበር። ቀስ በቀስ የእማማን ውሃና ድንች ስንሸከም አዩ። ሰኔ 29፣ 1995 ከባድ ዝናብ ወርዶ ዋናው የፍሳሽ ማንሻ ጣቢያ ተጥለቀለቀ፤ ከተማዋ ለሳምንታት የቧንቧ ውሃ አጣች። ከቦቴ በባልዲ እየቀዳን ደረጃውን ሙሉ አዳረስን። ከዚያ ወዲህ አንድ ጎረምሳ ቢለክፈን የሚጮኹበት እነሱ ነበሩ። እናቱን በስም ያውቋታላ!

ስለዚህ መልሴ፦ ግቡ፤ ግን ሰፈሩ በምን እንደሚኖር ጠይቁ። ፋብሪካው ሥራ አቁሞ ከሆነ በምን ተተካ? ወጣቱ የት ይውላል? ማታ አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ከጣቢያው እስከ ቤቱ በእግራችሁ ሞክሩት። ከጎረቤት ጋር በመጀመሪያው ሳምንት ተዋወቁ።

ከሁሉ በላይ አድራሻ ለማያስመዘግብላችሁ አከራይ አንድ ሳንቲም አትክፈሉ። እኛን ያሰቃየን ይህ ነው። ያኔ ምዝገባ ከሌለ መኖሪያ ፈቃድ አልነበረም። ፓስፖርት ለማሳደስ ሞስኮ መሄድ ነበረብን። ከካርኪቭ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትናንት ያልነበረ የሩሲያ ድንበር ተተክሎ፣ ሌሊት ባቡር ውስጥ ወረቀት ይጠየቃል። ጊዜው ባለፈበት ፓስፖርት ከባቡር ያወረዷቸውን ልጆች አውቃለሁ። በኪየቭ፣ በኦዴሳ፣ በሚንስክ በዚያን ጊዜ የነበራችሁ ወንድምና እህቶች፣ ወረቀታችሁን እንዴት እንዳስተካከላችሁ ጻፉላቸው። የዲፕሎማ ማረጋገጫ ከድሮው ኮሌጅ ያስመጣችሁም ካላችሁ መንገዱን ንገሩን፤ ዛሬም የሚፈልጉት አሉ።